ግማሽ ደረጃ የለም

አሥረኛ ሐ ክፍል፣ የከሰዓት ፈረቃ፣
የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያንቃቃ፣
መምህርት ኩለኒ መስኮቱን ዘጋችው፣
የተሰበረውን በካርቶን ደፈነችው።
ቤተ ሙከራችን ቁልፉ ከጠፋበት
ሁለት ዓመት ሆኖት፣
እሷ ግን ከቤቷ ቡታጋዝ ይዛ መጥታ፣
በፌስታል የቋጠረችውን የወጥ ጨው ፈትታ፣
ቆንጠር አደረገች። እሳቱ ላይ በተነች።
ሰማያዊዋ ነበልባል ቢጫ ሆና ተነሣች።

የራድያ ቀይ ሻርፕ ጥላሸት መሰለ፣
የሁላችን ከንፈር ደሙን እንደ ጣለ፣
«ሞተናል እንዴ ጎበዝ?» ዋቅጅራ ከኋላ አለ።
ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ጠመኔ አነሣች፣
አምስት መስመር አሰመረች፣ መሰላል አስመሰለች።

«ጨው ውስጥ ሶዲየም አለ። ሶዲየም አተም ውስጥ
አንድ ኤሌክትሮን አለ ከዳር የሚቀመጥ።
ኮንዶሚኒየም በሉት፤ ደረጃ አለው ፎቁ፣
ግማሽ ደረጃ ግን የለውም፣ ይህን እወቁ።
ሦስተኛና አራተኛ መሃል ተንጠልጥሎ
‹ትንፋሼን ልሰብስብ፣ ጄሪካኔን ላሳርፍ› ብሎ
መቆም አይችልም። ወይ እዚህ፣ ወይ እዚያ።
እሳቱ ልኩን ሲሰጠው፣ ሳይበዛ ሳይጎድል፣
ታች የነበረው ላይ ነው፣ መንገዱ ሳይታይ በመሃል።
ላይ ግን አይበረክት። ዐይን ሳይርገበገብ
ይወድቃል። ብድሩን ይከፍላል፣ ሳይስገበገብ፣
በብርሃን። ይህ ቢጫ የአወዳደቁ ልክ ነው፤
ሊቲየም ቢሆን ቀይ፣ መዳብ ቢሆን አረንጓዴ፤ ይኼ ጨው ነው።
እያንዳንዱ አተም በአወዳደቁ ይታወቃል።»
ቡታጋዙን አጠፋች። «ይህ ፈተና ላይ ይወጣል።»

አልወጣም።

እኔ ግን ወደቅሁ።
ስሜን ሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ፣
እስከ ገንደ ገዳ በእግሬ ተመለስሁ።
እጄን በጨለማ አየሁት፤ ምንም አላበራም።
እናቴ «ብላ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ከዚያ የተሳቢ ረዳት ሆንሁ፣ የአፍዴራ ጨው ጫኝ፤
ላቤ ከጨው፣ ጨው ከላቤ፣ አንገቴን እየላጠኝ፣
ስንት ሺህ ኩንታል ብርሃን በትከሻዬ ተሸከምሁ፣
አንዱም ሳይበራ በየመጋዘኑ አራገፍሁ።

አሁን ሥራዬ መብራት ነው፤ ብሎን ነክሼ በጥርሴ
ምሰሶ ላይ እወጣለሁ፣ ፒንሳ ሸጉጬ በኪሴ፤
ቢጫዎቹን አሮጌ አምፖሎች አወርዳለሁ፣
በነጩ፣ በአዲሱ ኤልኢዲ እተካለሁ።
ቢጫው ሶዲየም ነው። ጨው ነው። ዱሮ የማውቀው።
ሲነሣ ቀላ ይላል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው።

ትናንት ማምሻ ፍራንኮ ጋ የመጨረሻዋን ልፈታ፣
ሳልነቅላት አንዴ ልያት ብዬ አብርቻት፣ ለአፍታ
መሰላል ላይ ሳለሁ፣ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት
ከሥር ቆማ አየሁ። አንጋጣ ወደ ብርሃኑ ፊት።
ጠጉሯ ሸብቷል። ሻርፗ ጥቁር ነው። ላይሆንም ይችላል፤
እዚህ ብርሃን ሥር ቀይም ጥቁር ይመስላል።
«ቲቸር?» አልሁ።
«ስንተኛ ፎቅ ላይ ነህ?» አለች፣ ስሜን ሳትጠይቅ።
«ወድቄ ነበር» አልኋት፣ ምሰሶውን እንዳቀፍሁ፣
«ወድቄ ነበር ቲቸር፤ ጠበቅሁ፣ ብርሃን ግን አላየሁ።»
አሰብ አደረገች። ዘንቢሏን ወደ ግራ እጇ አዛወረች።
«ኤሌክትሮኑም አያየው። ከውጭ የቆመ ነው የሚያየው» አለች።

የመምህር መልስ ነው ብዬ ሳቅሁ።
ሳቄን ሳልጨርስ መብራት ሄደ፤
ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ፣
አንድ ባጃጅ ጮኸ፣ ሕፃናት «ውይ!» አሉ፣
የእሷም ኮቴ ራቀ ወይም ቆመ፣ አልለየሁም።
እኔ አንድ እግሬን ላይኛው፣ አንዱን ታችኛው መወጣጫ ላይ አድርጌ፣
ኤሌክትሮን በማይቆምበት ቦታ፣
ጨው ጨው የሚል ብሎን ነክሼ
ቆሜ ጠበቅሁ፣ እስኪመጣ።